ያቆምኩት ኪኒን

መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው እጄ ነው። አምቦ ውስጥ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። አፋን ኦሮሞ የማይችል ተከራካሪ ሲቀርብ አጠገቡ ቆሜ የእሱን አማርኛ ለዳኛው፣ የዳኛውን ኦሮምኛ ለእሱ አደርሳለሁ። የዚያን ቀን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቃሉን ሲሰጥ፣ ማስታወሻ የምይዝባት ወረቀት እጄ ላይ መንኮሻኮሽ ጀመረች። ሹፌሩ ንግግሩን አቋርጦ አየኝ። የፈራሁለት መስሎት ይሆናል። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ። ሠላሳ ዓመቴ ነበር። ካገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል።

ከዚያ በኋላ ሌላው ሌላው ተከተለ። እየበላሁ ከሳሁ። ተቀምጬ ሳለ ልቤ ዳገት እንደወጣ ሰው ይመታል። ሌላው ሰው ጋቢ በሚደርብበት ጠዋት እኔን ያልበኛል። አንገቴ ሲያብጥ ግን ብዙም አልደነገጥኩም። በእኛ አካባቢ እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ አክስቴ እንቅርቷን ይዛ ሰባት ልጅ አሳድጋለች። ሐኪም ቤት የወሰደኝ ባለቤቴ ለሜሳ ነው። የፊዚክስ መምህር ስለሆነ ያልተለካ ነገር አያምንም። ሰዓቱን ይዞ የልቤን ምት ቆጠረና «ነገ ትሄጃለሽ» አለኝ።

የደም ምርመራው ቲኤስኤች የሚባለው ወርዶ፣ ቲፎር የሚባለው ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ ተገኘ። አንገቴ ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ከሚገባው በላይ ሆርሞን እያመረተ ነበር። ሆርሞኑን የሚቀንስ ፒቲዩ የሚባል ኪኒን፣ የልብ ምትን ከሚያረጋጋው ፕሮፕራኖሎል ጋር ታዘዘልኝ። ዓመት ከመንፈቅ ወሰድኩ። ሲሻለኝ ይቀንሱልኛል፤ ሲቀንሱልኝ ያገረሽብኛል። እብጠቱም ከማደግ አልቆመም። በጀርባዬ ስተኛ የአየር ቧንቧዬን ይጫነኝ ጀመር። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላኩኝ።

የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ሽበት የጣለባቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አንገቴን ዳበሱና እንዲህ አሉኝ፦

«እጢውን ሙሉ በሙሉ እናወጣዋለን። ሥራውን የሚተካ ሌላ አካል ግን የለሽም። ከዚያ በኋላ ሆርሞኑን በአፍሽ ትወስጃለሽ፤ ዕድሜ ልክሽን።»

«አንድ ቀን ብዘልስ?»

«አንድ ቀን ብትረሺ አትሞቺም። አቆማለሁ ብለሽ ግን እንዳታቆሚ።»

ይህን በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኋላ የምነግራችሁን ስታነቡ፣ ያልተነገራት ምስኪን ናት ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው የማስቀድመው።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። በማግስቱ ከንፈሬን ነዘረኝ። ቀጥሎ የጣቶቼን ጫፍ። የማደንዘዣው ርዝራዥ ነው ብዬ ተውኩት። ከሰዓት በኋላ ጣቶቼ ተሰበሰቡ። እንደ ወፍ ምንቃር ሾሉ። ልዘረጋቸው ሞከርኩ። አልታዘዝ አሉኝ። መንጋጋዬም ጠበቀ። ነርሷን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም።

አጠገቤ የተኛችው ሴት ናት ጮሃ የጠራችልኝ። ካልሲየሜ ወርዶ ነበር። ከታይሮይዱ ጀርባ የተጣበቁት ትንንሾቹ እጢዎች ቀዶ ሕክምናው ሲነካካቸው ለጊዜው ሥራ ያቆማሉ፤ በእኔም የደረሰው ይኸው ነው። ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥሬ ሲገባ ሙቀቱ እስከ ጉሮሮዬ ተሰማኝ። ጣቶቼ አንድ በአንድ ተፈቱ። ድምፄ ግን ሦስት ወር ሙሉ እንደሻከረ ቀረ። አስተርጓሚ ያለ ድምፅ ምን ይሠራል? መዝገብ ቤት አስገብተው ፋይል አስደረደሩኝ።

በእነዚያ ወራት ያስታመሙኝ የለሜሳ እናት አዴ ብርቄ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከደንዲ መጥተው ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። አንገቴን ማጎንበስ ሲያቅተኝ ፀጉሬን ያጠቡልኝ ነበር፤ ውኃው ወደ ቁስሉ እንዳይወርድ አንድ እጃቸውን ግንባሬ ላይ እንደ ክፈፍ ይደግፉታል። «ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እናቴ ቀደም ብላ ስለሞተች ያን ቃል ከሌላ ሰው አልሰማውም።

የእጢውን ሆርሞን የሚተካ ሌቮታይሮክሲን መቶ ማይክሮግራም በየጠዋቱ፣ ለካልሲየሙም ሌላ ኪኒን እንድውጥ ታዘዘ። የመጀመሪያው ምርመራ ጥሩ አልነበረም። እዚሁ አምቦ የምትከታተለኝ ወጣት ሐኪም ውጤቱን አይታ ቅንድቧን ሰበሰበች።

«ካልሲየሙን መቼ ነው የምትወስጂው?»

«ከኪኒኑ ጋር። እንዳልረሳ ብዬ አንድ ላይ ነው የምውጣቸው።»

«በቃ፣ አገኘነው። ካልሲየሙ ሆርሞኑን ይዞ አያሳልፈውም። ቢያንስ አራት ሰዓት አራርቂያቸው።»

አራራቅኳቸው። በስድስተኛው ሳምንት ቁጥሩ ተስተካከለ። ድምፄ ተመለሰ፣ እኔም ወደ ችሎት ተመለስኩ፤ ክብደቴም ልቤም ረጋ። እንዲህ ሆኜ አንድ ዓመት ኖርኩ። ጤነኛ ነኝ ብዬ አመንኩ። ስህተቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በሽታው ከእጢው ጋር ወጥቶ የተጣለ መሰለኝ፤ ኪኒኑንም እንደ ቫይታሚን አየሁት።

ከዚያ አረገዝኩ።

ስንጠብቀው የኖርነው ነገር ነው። ለሜሳ ለተማሪዎቹ ሳይቀር ሊናገር ምንም አልቀረው። አማቴ ግን በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ኪኒኑን ከውኃ ጋር ይዤ አዩኝና ብርጭቆውን ያዙኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ይኼ ከእንግዲህ አይሆንም። ልጅ ይዘሻል።»

«ሐኪም ያዘዘልኝ ነው እኮ፣ አዴ።»

«ያዘዘልሽ ልጅ ሳትይዢ ነው። እህቴ ለኮሶ ብላ መድኃኒት ጠጥታ የስድስት ወር ልጅ ወርዶባታል። በእጄ ነው የቀበርኩት። ቢያንስ እስክትወልጂ ተይው።»

ብርጭቆውን አልለቀቁልኝም። አሳዘኑኝ። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ውስጥ ውስጡን ፈርቼ ነበር። ኪኒኑን ወደ ጠርሙሱ መለስኩት። ዘጠኝ ወር ምን አላት ብዬ። ለሜሳን አላማከርኩትም፤ ሐኪሟ ዘንድም አልሄድኩም። ከሁለት ወር በኋላ ለእርግዝና ክትትል ስሄድ ነርሷ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አለችኝ። «የለም» አልኳት። በዚያ ሰዓት እውነት ነበር። አንገቴ ላይ ሻርፕ ስለነበረ ጠባሳዬን አላየችም።

ሰውነቴ ቀስ በቀስ ነው የተወኝ። መጀመሪያ በረደኝ። ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ይበርደኛል። ሆዴ ደረቀ። ጠዋት ስነሣ ፊቴ ያባብጣል፣ ቀለበቴ አይወልቅም። እንቅልፍ አልጠግብም። እያንዳንዱን ነገር ለእርግዝናው ሰጠሁት፤ ያየኝ ሁሉም እንደዚያው አለኝ። በአራተኛው ወር ገደማ ችሎት ውስጥ ቃል ጠፋኝ። ተከሳሹ በአማርኛ ዋስ እንዲፈቀድለት ጠየቀ። «ዋስ» የሚለውን በኦሮምኛ ማለት አቃተኝ። ከልጅነቴ የማውቀው ቃል ነው፤ ወቢ። ዳኛው ጠበቁኝ። ተከሳሹም ጠበቀኝ። «ኢቲ ፉፊ» አሉኝ ዳኛው፤ ቀጥይ ማለታቸው ነው። አፌን ከፈትኩ፣ ምላሴ ወፍራምና የሌላ ሰው ሆነብኝ። የሰው ነፃነት በእኔ ምላስ ላይ ቆሞ እኔ ቃሉን እፈልጋለሁ። በመጨረሻ ዳኛው ራሳቸው በአማርኛ ጠየቁት።

ልጁ ሲንቀሳቀስ የተሰማኝ በዚያው ሰሞን ነው። ዓሣ እንደሚዞር ያለ ነገር። ዘጠኝ ቀን ተሰማኝ። ቆጥሬዋለሁ።

በአሥረኛው ቀን የለም። በአሥራ አንደኛውም የለም።

ሆስፒታል ሄድን። የአልትራሳውንዱን ጄል ቀቡኝ። ሐኪሙ መሣሪያውን ሆዴ ላይ አዞረው። ደግሞ አዞረው። ከዚያ ስክሪኑን ከእኔ መለሰው።

«የልብ ምት የለውም» አለ።

በመድኃኒት አስማጡኝ። አንድ ቀን ሙሉ ወሰደ። ሕይወት ያለው ልጅ እንደሚወለደው ነው የሚወለደው። ምጡ አይቀንስም። ወንድ ነበር። ጥፍር ነበረው።

የምትከታተለኝ ሐኪም በማግስቱ ወሬውን ሰምታ ወደ አልጋዬ መጣች። ያበጠ ፊቴን አየች፤ ቁርጭምጭሚቴን በጣቷ ተጫነች። ለሜሳ ከራስጌዬ ቆሟል።

«ኪኒንሽን ስንት ነው የምትወስጂው?»

ቀና ብዬ ለሜሳን አየሁት።

«እያናገርኩሽ ነው። ስንት ነው?»

«አቁሜዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሳረግዝ።»

ደም አስወሰደችኝ። ጤነኛ ሰው ላይ ከአራት ብዙም የማያልፈው ቲኤስኤች ከመቶ በላይ ነበር፤ መሣሪያው ከዚያ በላይ አይቆጥርም። ውጤቱን ይዛ ስትመለስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ይኼ እንደ ሌላው መድኃኒት አይደለም» አለችኝ። «ሰውነትሽ መሥራት ያቆመውን ነው የምንሰጥሽ። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ነው። እንኳን ልታቆሚው፣ ያረገዝሽ ዕለት መጨመር ነበረበት።»

«ልጄ የሞተው በዚህ ነው?»

የውጤቱን ወረቀት አጠፈች። «ነው ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ሊሆን ግን ይችላል።»

ስትወጣ ለሜሳ ወደ እኔ ዞረ።

«ማነው አቁሚ ያለሽ?»

«እናትህ» አልኩት።

አንድ ቃል። ሐሰት አልነበረም። ከእሱ ቀጥሎ ግን ሌላ መናገር ያለብኝ ነበረ፤ አልተናገርኩትም።

ቤት ስንገባ አዴ ብርቄ በር ላይ ቆመው ነበር። ለሜሳ ሰላም ሳይላቸው አልፎ ገባ። ከጓዳ ሲናገራቸው ሰማሁ፤ ብዙም አልተናገረም። ከዚያ እኔ ወደተኛሁበት መጡ። መሬት ላይ ተቀመጡ። በኦሮምኛ ጠየቁኝ።

«አናቱ አጄሴ?»

የገደልኩት እኔ ነኝ ወይ፣ ማለታቸው ነው።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በሳምንቱ ሕክምናውን እንደገና ለመጀመር ወረቀቶቼን አልጋ ሥር ካለው ሻንጣ አወጣሁ። ከአዲስ አበባው ሆስፒታል ስወጣ የተሰጠኝ ካርድ ከመካከላቸው ነበር። ከጀርባው በእንግሊዝኛ ሦስት መስመር ተጽፏል። ሁለተኛው መስመር፣ ካረገዘች መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ መጠኑ እንዲስተካከል ወዲያው ትምጣ ይላል። ከሥሩ፣ ተነግሮኛል ብዬ የፈረምኩበት የራሴ ፊርማ አለ። የሚተረጉምልኝ ሰው አልፈልግም። እንጀራዬ ትርጉም ነው።

ካርዱን መልሼ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩት። ለማንም አላሳየሁም።

ጨካኝ ነበርኩ። ሕመም ነው ያስጨከነኝ ብዬ አልሸፋፍነውም። ጥፋቱ የሁለታችን ሆኖ ሳለ ሙሉውን ለአንዲት አሮጊት አሸከምኩና ሲሸከሙት ተመለከትኩ። ለሜሳ ስምንት ወር እናቱን በቅጡ አላናገረም። እሳቸው ለንስሐ አባታቸው ነፍስ አጥፍቻለሁ ብለው ተናገሩ። ስግደት ጀመሩ፤ ጉልበታቸው አብጦ ከመቀመጫ በእጃቸው ተመርኩዘው ይነሡ ነበር። ምግባቸውን ቀነሱ። በመጨረሻም ወንጪ፣ ሐይቁ መካከል ካለው ገዳም ሱባዔ እገባለሁ ብለው ተነሡ። በመኪና ይሂዱ ብላቸው «በእግሬ ነው የተሳልኩት» አሉኝ። ያን ሁሉ ዳገት። ስንቃቸውን ቋጥሬ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በር ላይ ቆሜ መታጠፊያው እስኪሰውራቸው አየኋቸው። ካርዱ ከጀርባዬ፣ አልጋ ሥር ነበር።

የእኔ ሰውነት በዚያው ጊዜ እያገገመ ነበር። መድኃኒቱን ከትንሽ ጀምራ በየስድስት ሳምንቱ እየለካች አሳደገችው፤ መጀመሪያ የፊቴ እብጠት ጎደለ፣ ቀጥሎ ቀለበቴ እንደ ልብ ወለቀ፣ እጄና እግሬ ሞቀ፣ ማበጠሪያው ላይ ሙሉ ጉንጉን ትቶ ይወጣ የነበረው ፀጉሬ መርገፉን ተወ፤ ችሎት ውስጥም ቃላቱ በየቋንቋቸው፣ በየተራቸው፣ ሳልጠራቸው ይመጡልኝ ጀመር፤ ዳኛው «ተመለስሽልን» አሉኝ። ነገር ግን ይህን ማንም አላስጠነቀቀኝም፦ ሆርሞኑ ዝቅ ሲል ሐዘኑም ጸጸቱም አብሮ ይደነዝዛል፤ ሲመለስ ሁሉም ስለቱን ይዞ ነው የሚመለሰው። ያደረግሁት ነገር ቁልጭ ብሎ የታየኝ ቁጥሬ በተስተካከለ ወር ነው።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ካርዱን አምጥቼ ገበታው ላይ አኖርኩት። ለሜሳ አነበበው። መልሶ አነበበው። ቀለሙ ተለወጠ። አማቴ «ምንድነው እሱ?» አሉ። በኦሮምኛ ተረጎምኩላቸው። ፊርማዬንም አሳየኋቸው።

«ድገሚልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው።

«መቼ ነው ያገኘሽው?»

«ከሆስፒታል በወጣሁ በሳምንቱ።»

«ወንጪ ሳልሄድ?»

«ሳይሄዱ።»

አልጮኹም። እጃቸውን ታጠቡ፣ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ።

«ለልጅሽ ካንቺ ጋር አልቅሻለሁ» አሉ። «እኔም ባላውቅም ተናግሬያለሁ፣ የእኔን ድርሻ አልክድም። እነዚህን ስምንት ወራት ግን አውቀሽ ነው የወሰድሽብኝ።»

በማግስቱ ጊንጪ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ለሜሳ አድርሷቸው እግራቸው ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ፤ አነሡት። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ላክሁ፣ ራሴም ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ምሳ ያበሉኛል። ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል። ወደ ነገሩ ስገባ ግን «ጊዜ ስጪኝ» ይሉኛል። «ኢንታላ ኮ» ብለው ከጠሩኝ አራት ዓመት አለፈ። በስሜ ነው የሚጠሩኝ።

ከዚያ ወዲህ አላረገዝኩም። መርምረውናል፤ ሁለታችንም ላይ የተገኘ ነገር የለም። ሐኪሟ «በሆርሞኑ በኩል ከዚህ የተሻለ ቁጥር የለም» ትለኛለች። በየስድስት ወሩ ያንን ጥሩ ቁጥር ተቀብዬ እወጣለሁ።

ባለፈው ዓመት ላቦራቶሪ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስጠብቅ፣ ከጉደር የመጣች ወጣት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ሻርፗን ልታስተካክል ስታላላ ጠባሳዋን አየሁት። የእኔኑ የሚመስል ነው። ፊቷ አብጧል።

«እህቴ፣ እርጉዝ ነሽ?» አልኳት።

ደነገጠች። «ሦስተኛ ወሬ ነው። እንዴት አወቅሽ?»

«ኪኒንሽንስ?»

«ለልጁ ብዬ ትቼዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሆነኝ።»

ክንዷን ይዤ አስነሣኋት። ተራዬን ትቼ፣ ወረፋውን ጥሼ፣ ሰው እየተቆጣ የሐኪሟን በር አንኳኳሁ። በዚያው ዕለት ኪኒኑን ጀመረች፣ መጠኑም ተጨመረላት። ከወለደች በኋላ ሕፃኑን ይዛ በምሳ ሰዓት ፍርድ ቤቱ በር ድረስ መጣች። ታቀፍኩት። ከባድ ነበር። ትንሽ ይዤው መለስኩላት፤ የከሰዓቱን ችሎት ግን መቆም አቅቶኝ ፈቃድ ጠየቅሁ።

እጢያችሁ ለወጣላችሁ ሁሉ፦ ኪኒናችሁን በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ዋጡ፤ ቁርስም ቡናም ግማሽ ሰዓት፣ ከቻላችሁ አንድ ሰዓት ይቆይ። ካልሲየምና የደም ማነስ ኪኒን ከእሱ አራት ሰዓት ይራቅ። ከንፈራችሁን ወይም ጣታችሁን ከነዘራችሁ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ። በእኛ በኩል መንገድ ይዘጋል፣ ፋርማሲም ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ የአንድ ወር ኪኒን ሁልጊዜ ትርፍ ይኑራችሁ። ድካሙን፣ ብርዱን፣ የሐሳብ መጥፋቱን ስንፍና ነው የሚላችሁ ሰው ቢኖር አትመኑት፤ አስለኩት። «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ስትባሉ ያቆማችሁትንም ጨምራችሁ ተናገሩ።

ካልሲየሜ በወረደበት ቀን የጮኸችልኝን፣ ስሟን የማላውቀውን ሴት አመሰግናለሁ። እውነቱን ሳታለሳልስ የነገረችኝን ሐኪም፣ ካርዱን ካነበበ በኋላም አብሮኝ የኖረውን ለሜሳን አመሰግናለሁ። አዴ ብርቄን ፀጉሬን ስላጠቡልኝ አመሰግናለሁ፤ ለይቅርታቸው ገና ነው፣ እጠብቃለሁ። እናንተ ግን አትጠብቁ። እርጉዝ መሆናችሁን ያወቃችሁ ዕለት፣ የዚያኑ ዕለት፣ ኪኒናችሁን ውጣችሁ ሐኪማችሁ ዘንድ ሂዱ።